ጀጎልን በእንግድነት

ውድ አንባቢ፣ በትምህርትም ሆነ በመንግሥት ሥራ ተይዘን በየከተማው የምንኖር ወጣቶች ስለ ሐረር ምን ታውቃላችሁ ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን ሦስት ነገር ቆጥረን እናቆማለን፤ ቡናው፣ ጫቱ፣ በሌሊትም ከሰው እጅ የሚበላው ጅብ። ሦስቱም እውነት ነው። ነገር ግን የቡናውና የጫቱ ማሳ ከቅጥሩ ውጭ ነው፤ ጅቡም የሚጎርሰው ከበሩ ማዶ ነው። ሐረርን ሐረር ያሰኛት በቅጥሩ ውስጥ ያለው፣ ጀጎል የሚባለው አሮጌ ሰፈር ነው። ይህችን ጽሑፍ የማቀርብልዎ፣ የዕረፍት ጊዜ አግኝተው ወደዚያ ለመሄድ ቢያስቡ ምን እንደሚያዩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ይልቁንም እንዴት ሆነው መግባት እንደሚገባዎ ለማመልከት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ አዋሽን ከተሻገረ በኋላ የጨርጨርን ተራሮች ይያያዛል። ጭሮንና ሂርናን አልፈው ጨለንቆ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳሉ። ይህን ስም ልብ ብለው ይያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን። ከዚያ ወዲያ ቁልቢ ገብርኤል፣ ቀጥሎም የጫት ገበያዋ አወዳይ ይገኛሉ። በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ደግሞ ድሬዳዋ ይወርድና 50 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገቱን ወጥቶ ይደርሳል። ከድሬዳዋ ሙቀት ወጥተው የሐረር ነፋስ ፊትዎን ሲነካው የድካምዎን ዋጋ በግማሽ ተቀበሉ ማለት ነው።

የጀጎልን ግንብ ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዓመት ከተማይቱን የገዙት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ግንቡ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ሲሆን፣ ዙሪያው ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ከፍታውም አራት ሜትር ያህል ይሆናል። በውስጡ ያለው ቦታ ግማሽ ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች ጠባብ ስፍራ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መቃብሮችና መታሰቢያዎች መቈጠራቸውን ዩኔስኮ መዝግቧል፤ ጀጎልንም በ1998 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ተቀብሏታል። ከተማይቱ በዘመኗ የራሷን ሳንቲም ታትም ነበር፤ ከቀይ ባሕርና ከህንድ ውቅያኖስ የሚመጣው ሸቀጥ ወደ ደጋው አገር የሚያልፍባት፣ የእስልምና ትምህርትም የሚቀዳባት ነበረች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ. ም. ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል እስኪሰነብትባት ድረስ፣ ከአውሮፓውያን አይቼያታለሁ ብሎ የጻፈላት አልነበረም።

የጥንቶቹ በሮች ዐምስት ናቸው። እያንዳንዱ በር ሁለት ስም አለው፤ አንዱ በሐረሪ ቋንቋ፣ ሁለተኛው በሌላው ሰው አፍ የሚነገር ነው። አስማዲን በሪ የሸዋ በር፣ በድሪ በሪ የቡዳ በር፣ ሱቁጣጥ በሪ የሰንጋ በር፣ አርጎብ በሪ የኤረር በር፣ አሱም በሪ የፈላና በር ይባላሉ። «በሪ» ያሉት የኛው «በር» መሆኑን አንባቢ ሳይነገረው ያውቀዋል። ሐረሪዎች ቋንቋቸውን «ጌይ ሲናን» ይሉታል፤ የከተማ ቋንቋ ማለት ነው። አራትን «ሐራት»፣ ዐምስትን «ሐምስቲ» ሲሉ የሰማ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሩቅ አገር የሄደ መስሎት የነበረው የአጎቱን ልጅ እንዳገኘ ይሰማዋል። ሁለቱ ቋንቋዎች ከአንድ የሴም ቋንቋዎች ግንድ የወጡ ናቸውና።

መኪና የሚያስገባው ዋናው በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ነው። በዚያ ገብተው ቀጥ ብለው ቢወርዱ ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ይደርሳሉ። መጋላ ማለት ገበያ ነው፤ ዛሬ ግን ፈረስ አይሸጥበትም። በአደባባዩ ዳር የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ. ም. ከተማይቱን ይዘው በነበሩበት ጊዜ መስጊድ አሠርተውበት ከነበረው ስፍራ ላይ ነው። ከዚህ በግራም በቀኝም የሚያስገቡት ጠባብ መንገዶች ከ360 ይበልጣሉ ይባላል። አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የማያሳልፉ ናቸው። ግድግዳዎቻቸው ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ተቀብተው ስለሚታዩ፣ ባለ ካሜራ ሰው ፊልሙ የሚያልቅበት ወይም ስልኩ የሚሞላበት እዚሁ ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ታች የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። ጨርቅ ከጎረቤት ሱቅ ገዝተው ቢሰጡ፣ ከተማውን ዞረው ሲመለሱ ተሰፍቶ ሊጠብቅዎ ይችላል። መንገዱ የሚያልቀው ከጊድር መጋላ፣ ማለት ከትልቁ ገበያ ነው። ከዙሪያው ገጠር የመጡ የኦሮሞ ሴቶች ቅመማቸውን፣ ማገዷቸውንና አትክልታቸውን ይዘው፣ ሐረሪዎቹም ከቀሚሳቸው ሥር ባለቀለም ሱሪያቸውን ለብሰው በአንድነት ሲገበያዩ ያያሉ። ሥጋ የገዛ ሰው ግን ዘንቢሉን ይክደን፤ ከሰገነቱ ላይ የሚጠብቁት ጭልፊቶች ከእጅ ነጥቀው መሄድ ልማዳቸው ነውና።

ለማየት ከሚገባዎ ስፍራዎች መካከል የጁምዓ መስጊድ፣ አረንጓዴ ጕልላት ያለው የአሚር ኑር መቃብርና ሁለቱ የእንጨት ቤቶች ይገኙበታል። ከሁለቱ ቤቶች አንደኛው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በአርተር ራምቦ ስም የሚጠራው ነው። ራምቦ በ1873 ዓ. ም. ወደ ሐረር መጥቶ ቡናና ልዩ ልዩ ሸቀጥ የነገደ ሰው ነበር። ቤቱን ያሠራው ግን የህንድ ነጋዴ ነው፤ ራምቦም በርሱ ውስጥ ስለ መኖሩ ማስረጃ የለም። ይሁን እንጂ በውስጡ የተሰቀሉት የጥንቷ ሐረር ፎቶግራፎች ብቻ የመግቢያውን ዋጋ ያስረሳሉ። ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት ነው፤ ተፈሪ መኰንን በወጣትነታቸው ኖረውበታል ይባላል። ዛሬ በውስጡ የሐረሩ ተወላጅ አብዱላሂ ሸሪፍ በዕድሜ ልክ ድካም የሰበሰቡት ሙዚየም አለ፤ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ሳንቲሞች፣ ጌጣጌጥና የጦር መሣሪያዎች ተደርድረውበታል። አንድ ሰው ብቻውን ለአገሩ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማየት የሚወድ ተማሪ ይህን ቤት ሳያይ አይመለስ።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። በጀጎል ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛና ባለ ክራቫት አሳላፊ የሚፈልግ ሰው አይድከም። የጀጎል ምግብ ቤት ሁለት ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ የሚንተከተክ ድስትና ትኩስ ዳቦ ነው። በጧት ፉል ይቀርባል፤ ባቄላው ተፈጭቶ በቅቤ ወይም በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይታሻል። ከርሱ ጋር ፈቲራ አለ፤ በምጣድ ላይ እንደ መሐረብ ታጥፎ፣ በእንቁላል ተሞልቶ፣ ላዩ ማር የሚፈስበት ቂጣ ነው። በየመንገዱ ምስርና ሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ በዘይት ይጠበሳል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጣፋጭ ሻጮቹ ዘንድ ሐልዋ ይገኛል። ሐረር ከዘመዶቹ ዘንድ ደርሶ ሐልዋ ሳይዝ የተመለሰ ሰው ከቤቱ ምን እንደሚባል ለአንባቢ እተዋለሁ።

ለመጠጥ ቡናው ፍሬው ብቻ አይደለም። ሐረሪዎች የቡናውን ገለባ አፍልተው ይጠጡታል፤ ቅጠሉንም ቆልተው ከወተት ጋር ያፈሉትና ቁጢ ይሉታል። እኛ የምንጥለውን እነርሱ ያጣጥሙታል።

ስለ ሥጋ ነገር በግልጽ ልናገር። በአገራችን ክርስቲያኑ የእስላሙን፣ እስላሙም የክርስቲያኑን ሥጋ ያለ መብላቱ ልማድ የታወቀ ነው። ይህን ልማድ የሚጠብቅ ሰው በጀጎል ይራባል ተብሎ እንዳይሠጋ፤ ፉሉም፣ ፈቲራውም፣ የምስር ሳምቡሳውም ለሁሉ የሚሆን ነው። የጾም ቀን ከሆነም «በዘይት ይሁንልኝ» ማለት ይበቃል። ባለቤቱ ሳይገረምና ሳይቀየም ይሠራልዎታል፤ ይህን ጥያቄ የሰማው ከርስዎ ብቻ አይደለምና። በረመዳን ወር ግን ቀን ቀን ብዙዎቹ ምግብ ቤቶች እንደሚዘጉ ዐውቀው ይሂዱ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው የጀጎል ማታ ለዚያ ሁሉ ካሣ ነው።

ስለ ጅቡ ብዙ አልናገርም። ማታ ከበሩ ውጭ አብላው ስሙን እየጠራ በእንጨት ሥጋ ያቀርብለታል፤ እርስዎም ገንዘብ ከፍለው ማብላት ይችላሉ። እኔን ይበልጥ የደነቀኝ ግን በግንቡ ሥር የተተወው ቀዳዳ ነው። «ወራባ ኑዱል» ይባላል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ጠላትን ለመከልከል ያን የመሰለ ግንብ የሠራ ሕዝብ፣ ቆሻሻውን እንዲያነሣለት ለጅብ መግቢያ ትቶለታል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ግን ገና ጀጎልን አላየም። የሐረሪ ቤት ለመንገዱ ጀርባውን ሰጥቶ የተሠራ ነው፤ ከውጭ የሚታየው ግንብና በር ብቻ ነው። ስለዚህ ከቤት መግባት ያስፈልጋል። አንዳንድ ቤተሰቦች ባህላዊ ቤታቸውን ለጎብኚ ስለሚከፍቱ፣ ጥቂቶቹም እንግዳ ስለሚያሳድሩ፣ በአስጎብኚ አማካይነት አስቀድሞ ማስጠየቅ ነው። ከደጅ ጫማ ይወልቃል። ውስጡ አንድ ሰፊ አዳራሽ ሲሆን፣ «ነደባ» የሚባሉ ዐምስት መደቦች ከፍና ዝቅ ብለው ተሠርተውበታል። የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት፣ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ታናናሾች የሚቀመጡበት ሁሉ የተለየ ነው፤ እንግዳ ሆነው ሲገቡ በየትኛው እንደሚቀመጡ ባለቤቲቱ ያመለክቱዎታል። ግድግዳው በስፌት ሰሐን፣ በሙዳይና በሸክላ ተሸፍኗል። በጎን በኩል ሙሽሮች የሚሰነብቱባት ጠባብ ክፍል አለች።

ወለሉና መደቡ ግን ቀይ ነው። በቀይ አፈር ይቀባል። ምክንያቱን ሲጠይቁ የሚሰጥዎ መልስ አንድ ነው፤ በጨለንቆ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይሉዎታል። በ1879 ዓ. ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የሐረሩ አሚር አብዱላሂ የተዋጉት በዚያች፣ በመንገድ ላይ ስሟን ያዙልኝ ባልሁዎት ስፍራ ነበር። ውጊያው ብዙ አልቆየም፤ የሐረር ሠራዊት ተሸነፈ፣ ከተማይቱም ተያዘች፣ አስተዳደሯም ለመኰንን ተሰጠ። እኔ በምሠራበት ክፍል ውስጥ ጨለንቆ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትጻፍ አንዲት ዓመተ ምሕረት ነች። እዚህ ግን ልጆች የሚድኹባት ወለል ነች።

እኔ የተወለድሁት ከደጋው ነው። ከአንባቢዎቼም ብዙዎቹ እንደዚሁ ይሆናሉ። ስለዚህ በዚያ ቀይ መደብ ላይ ተቀምጦ ቁጢ የሚጠጣ የሸዋ ሰው ምን ይበል? አንዱ ነገሩ እንዳይነሣ ዝም ይላል። ሌላው ደግሞ ክርክር ይጀምራል፤ አገር አንድ የሆነው በዚህ ነው እያለ የቤቱን ባለቤት ከገዛ ቤቷ ያስተምራል። ሁለቱም እንግድነት አይመስለኝም። እኔ በገባሁበት ቤት የነበሩትን አሮጊት፣ «እማማ፣ ይህ ቀለም እኛን ሲያዩ አያስከፋዎትም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ የሞተ ሊረሳ አይገባም። ግን ቤቱን የምናድሰው እኮ እንግዳ ሲመጣና በዓል ሲደርስ ነው» አሉኝና ፍንጃሌን ሞሉልኝ። ከዚህ የተሻለ መልስ ከመጽሐፍ አላነበብሁም። ሰው ሐዘኑን ሳይረሳ በርን ሊከፍት ይችላል፤ የተከፈተለትም ሰው ሐዘኑን ሊሰማ ይገባዋል።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ወደ ሐረር ለመሄድ ሲነሡ ሦስት ቀን ይያዙ፤ ቅዳሜና እሑድ አይበቃም። አስጎብኚ ሲይዙ ዋጋውን አስቀድመው ይስማሙ። ሰው ፎቶግራፍ ከማንሣትዎ በፊት ያስፈቅዱ፤ የገበያ ሴቶች የግድግዳ ሥዕል አይደሉም። ዓርብ በጁምዓ ሰዓት ሱቆች ስለሚዘጉ፣ ከቀትር በኋላም ከተማው በጫት ስለሚያርፍ፣ ጉዳይዎን በጧት ይጨርሱ። ሲመለሱም ለዘመድ የሚወስዱትን ሐልዋ ገዝተው፣ አንድ ቀን ቀደም ብለው ይነሡና ጨለንቆ ላይ ከመኪናው ወርደው ጥቂት ይቁሙ። አገርን የምናውቀው ያሸነፍንበትን ስፍራ ብቻ ሳይሆን፣ ጎረቤታችን ያለቀሰበትንም ጭምር በእግራችን ረግጠን ስናይ ነው።