የፓስታ ካርቶኑ

እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ሸክላ አሳታሚዎች ተዘጉ። አንደኛው አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ የነበረው ስታክስ ነው፤ ከሰረ። ሁለተኛው የእኛው አምሃ ሪከርድስ ነው፤ ባለቤቱ አምሃ እሸቴ ደርግን ሸሽቶ አሜሪካ ገባ። የስታክስ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረሰ። በኋላ የሜምፊስ ሰዎች ቆጫቸውና እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ሠሩት፤ በ2003 ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ለአምሃ ግን በዚህች ከተማ፣ በአዲስ አበባ፣ አንዲት ክፍል እንኳ ስትከፈት አላየሁም።

ሰውየው የሠራውን ሳስበው ይብስብኛል። በንጉሡ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ ሀገር ፍቅር ደግሞ የዘመኑን ዘፈን ማሳተሙን ትቶታል። ክቡር ዘበኛና ፖሊስ ኦርኬስትራ ያፈሯቸው ድምፆች መድረክ ላይ ተሰምተው እዚያው ይቀሩ ነበር። አምሃ የውጭ ሸክላ የሚሸጥበት ሙዚቃ ቤት የነበረው፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ጥሶ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አስቀረጸ። ሸክላውን መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እያሳተመ አስመጣ። አለማየሁ እንደ ጄምስ ብራውን ይጮኻል፣ ቅኝቱ ግን የአገሩ ነው። ማሕሙድ አሕመድ፣ ጌታቸው ካሳ፣ ሙላቱ አስታጥቄ ሁሉ በዚሁ በር አለፉ። በስድስት ዓመት ውስጥ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላና ደርዘን ያህል አልበም ወጣ። ይህን ያደረገው የመንግሥት በጀት አልነበረም፤ አንድ ደፋር ነጋዴ ነው።

እኛስ ምን አደረግንበት? እዚህ ቤቴል ጎረቤታችን የነበሩ አዛውንት አንድ የፓስታ ካርቶን ሙሉ የአምሃ ሸክላ ነበራቸው። ማጫወቻው ቀድሞ ስለተበላሸ ካርቶኑ ዓመታት ሙሉ አልጋ ሥር ተቀምጦ ኖረ። እሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው ክፍሉን ሊያከራዩት አጸዱ፤ ካርቶኑ ከአሮጌ ጀሪካንና ከተሰበረ ወንበር ጋር ለቆራሌ ወጣ። ልጆቹን አልወቅስም። ያ ካርቶን ቅርስ መሆኑን ትምህርት ቤትም ቴሌቪዥንም አልነገራቸውም። ዛሬ እንዲህ ያለች አንዲት ሸክላ በውጭ ሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ትሸጣለች። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። አባቶቹ የጨፈሩበትን ዘፈን በደንብ ታትሞ ማግኘት የፈለገ የቤቴል ልጅ ፓሪስ የታተመ ሲዲ መፈለጉ ነው።

ምክንያቱም ሥራውን የሠራው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቡዳ ሙዚክ በኩል የጀመረው የ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እትም ሠላሳ ደረሰ፤ ከጥንቱ ክምችት ዋነኛው የአምሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ሲያሰማ ዓለም አጨበጨበ። ፋልሴቶ ይመስገን፤ ባይደርስልን ይብስ ነበር። ግን የራሳችንን ድምፅ አቧራውን አራግፎ እስኪሰጠን ድረስ የሰው እጅ መጠበቃችን እንዴት አያቃጥል!

በደርግ ማመካኘት ይቀላል። ደርግ አምሃን አሳደደው፣ የሰዓት እላፊው የሌሊቱን አዲስ አበባ ዘጋው፣ ይህ እውነት ነው። አምሃ ግን ከደርግ ውድቀት በኋላ ተመልሶ መጥቷል፤ ከሃያ ዓመት በላይ በመካከላችን ኖሯል። ለእነዚያ ዓመታት ደርግ የለበትም። ቀረጻው እንዴት እንደተካሄደ፣ ቴፑ በማን እጅ ቤይሩት እንደደረሰ፣ ባለሥልጣናቱ ሲጠሩት ምን ብሎ እንደመለሰ፣ ሁሉን የሚያውቀው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነበር። አምሃ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በ74 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ አለማየሁ እሸቴም ተከተለው። ያን የመጀመሪያ ሸክላ ያሳተመውና የዘፈነው በአራት ወር ልዩነት ሄዱ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ በአንድ የሚጠይቅና የሚመዘግብ አንድ ተቋም ይበቃን ነበር።