ዝናብ የጠገበ መሬት ቀለም

ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ሰውንም ሆነ ዛፍን በቅርጹ ሳያሳይ በቀለምና በመስመር ብቻ የሚናገር ሥዕል፣ ከገጠር ኑሮ የራቀ የከተሜ ጥበብ ነው የሚለውን አስተያየት የአውስትራሊያዊቷ ሠዓሊ የኤሚሊ ካሜ ንግዋሬይ ሥራዎች ፉርሽ ያደርጉታል።

በበረሃማው የአገሪቱ መካከለኛ ክፍል የኖሩት እኚህ እናት፣ መጀመሪያ ባቲክ የተባለውን፣ ጨርቅን በሰም እየከለሉ የማቅለም ሙያ ሲሠሩ ቆይተው፣ በሸራ ላይ መሣል የጀመሩት በስተርጅና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 የሣሉት፣ ወርዱ ከ6 ሜትር የሚበልጠው «የምድር ፍጥረት» ዝናብ የጠገበውን መሬት በተደራረበ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ነጠብጣብ ያሳያል፤ አሣሣላቸውም የማኅበረሰባቸው ሴቶች በሥርዓተ በዓል ገላቸውን ከሚቀቡበት ባህል ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ ቀለሙ የወቅቱን ያህል የማኅበረሰቡም ነው።

አንባቢያን የተወለዱበትን አገር ክረምት ሲወጣ በቀለም ብቻ ይሣሉት ቢባሉ፣ ቀድመው የሚያነሡት የትኛውን ይሆን?