በፑኝዶ ያረጀ ወይን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሌንና መቱን አልፎ ጎሬ እስኪደረስ ድረስ ስላለው መንገድ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ደኑ ለምለም ነበር፣ ወገቤን አመመኝ፣ ሹፌሩም አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ከማሰማቱ በቀር ሌላ ጥፋት አልነበረበትም። ከቡሬ ቁልቁል ሲወረድ ግን ደጋው በድንገት ከሰው ላይ ይገፈፋል፤ ኮት ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ጋምቤላ ሲደርስ ኮቱን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ ይገኛል። እኔም እንዲሁ ሆኜ ከባሮ ድልድይ አጠገብ በማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳለሁ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ከፑኝዶ ደውሎ፣ «ዓሣውን አዝዣለሁ፤ ጠርሙሶቹን ግን አንተ ሳትመጣ አልነካቸውም» አለኝ።

ስለ እነዚህ ጠርሙሶች አስቀድሜ መናገር ይገባኛል። የባልንጀራዬ አባት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሆቴል አሳላፊ ነበሩ፤ አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ የውጭ አገር ዜጋ የሆነው አለቃቸው ሻንጣውን ሸክፎ ሲሄድ፣ ያልተከፈላቸውን ደመወዝ በብር መስጠት ቢያቅተው ከምድር ቤቱ ጥቂት ጠርሙስ ወይን መርጦ ሰጣቸው። እርሳቸውም አንዱንም ሳይከፍቱ፣ ሦስቱም ለልጃቸው እስኪተላለፉ ድረስ፣ ከአልጋቸው ሥር በጆንያ ጠቅልለው አጋድመው አኖሯቸው። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ያለ በረዶ ቤትና ያለ መብራት የጭቃ ቤት ወለሏ ብቻውን ለወይን የሚስማማ ቅዝቃዜ ይሰጣል፤ ፈረንሳዮች ዋሻ ቆፍረው የሚያገኙትን እኛ በነፃ ተሰጥቶን ሳለ ከአልጋ ሥር ከጫማና ከአሮጌ ሻንጣ በቀር የምናስቀምጠው አለመኖሩ ያስገርመኛል። ባልንጀራዬ በጤና ሙያው ፑኝዶ ሲመደብ ግን ጠርሙሶቹን ከዚያ ቅዝቃዜ አውጥቶ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የጋምቤላ ሜዳ ይዟቸው ወረደ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ለሰው የማይገባ ቃል በስልክ ተናግሬዋለሁ።

ወደ ፑኝዶ የሚሄደው መኪና ካልሞላሁ አልንቀሳቀስም ብሎ ግማሽ ቀን ስላስቀመጠኝ ወደ ባሮ ዳር ወረድሁ። ወንዙ ጎድሎ አሸዋው ወጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል በዚህ ዳርቻ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ መፍቀዳቸውን፣ ውሉም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ የሚጸና በመሆኑ ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ቦታው ወደ ባለቤቱ መመለሱን አንድ ጊዜ አንብቤ ስለነበር ዓይኔ መርከብ ይፈልግ ነበር። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። እዚህ ሱቅ የነበራቸው የግሪክ ነጋዴዎች ከጨው ከረጢቱ ኋላ ለራሳቸው አንድ ሣጥን ወይን አላስመጡም ብሎ ማን ሊምልልኝ ይችላል? አስመጥተው ከሆነም ወይኑ የሱዳንን በረሃ ተሻግሮ ሲደርስ ምን መስሎ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አቦቦን አለፍን፤ አቧራ በላን፤ ፑኝዶ ደረስን።

ፑኝዶ በጊሎ ወንዝ አጠገብ ያለች የአኙዋክ አገር ስትሆን፣ ስሟን ከአገሯ ውጭ ያሰማው ግን ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን የያዘው መጠለያዋ ነው። ከዚያም በፊት በደርግ ዘመን ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች እዚሁ ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደመጡበት ሲሸሹ በሞላው ጊሎ ብዙዎቹ ሰጥመው ቀርተዋል። ራሽን ለመቀበል ከተሰለፉት ሴቶች ፊት ለፊት በቆመች ጎጆ ውስጥ ስድሳ ዓመት ገደማ የቆየ ወይን መቅመስ አሳፈረኝና፣ «በሩን እንዝጋ» አልሁት። ባልንጀራዬ፣ «ዝግ ቤት ውስጥ አርባ ዲግሪ ነው፤ ማፈርህን ወደ ውጭ ይዘኸው ና» ብሎ ሁለት በርጩማ ከዛፍ ጥላ ሥር አኖረ።

ጠርሙሶቹን ያኖረበትን ሳይ ግን ቁጣዬ ቀነሰ። ከጎጆው ጥግ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቦታ፣ አሸዋ የሞላ ጉድጓድ አለ፤ በአሸዋው ላይ ላቡን የሚያንጠባጥብ የሸክላ ገንቦ ተቀምጧል። ከገንቦው የሚወርደው ውሃ አሸዋውን ሲያርሰው፣ እርጥበቱም ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ይህን ያስተማሩት ጎረቤቱ የሆኑ አንድ አኙዋክ ሽማግሌ ናቸው፤ እርሳቸው በዚህ ዘዴ የሚያቀዘቅዙት የመጠጥ ውሃ ነበር። እጄን ከአሸዋው ውስጥ ብሰድ እስከ ክርኔ ቀዘቀዘኝ፤ በጠቅላላው ጉዞዬ ያገኘሁት ብቸኛው ደጋ ይህ ነበር።

በመጀመሪያ የአገራችንን ቀይ ወይን ከፈትን። ማን እንደጠመቀው አልጽፍም፤ ጥፋቱ የጠማቂው አይደለምና፣ በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠጣ ተብሎ የተሠራውን መጠጥ አርባ ዓመት አልፎት ሕያው ሆኖ እንዲገኝ መጠበቅ ግፍ ነው። ፍጹም ኮምጣጤ ሆኖ ነበር። ምግብ የምታበስለው ልጅ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች፤ ወዲያው ግን በተጠበሰው የጊሎ አምባዛ ላይ አንጠባጠበችበት፤ እውነቱን ለመናገር ከሎሚ ይልቅ ተስማምቶታል። ዓሣው ቆዳው ተንኮሽኩሾ፣ ውስጡ ነጭና እርጥብ ሆኖ፣ በበርበሬና በሽንኩርት ታጅቦ ስለቀረበ፣ ስለ ወይን ለመነጋገር የመጣን ሁለት ሰዎች እጃችንን እስክንታጠብ ድረስ ስለ ዓሣ ብቻ ስናወራ ቆየን።

ሁለተኛው ከቦርዶ የመጣ ሆኖ በፈረንጆች አቆጣጠር የ1961 ነበር። በዚያ ዓመት ፀደይ ላይ ውርጭ መጥቶ አበባውን ስለገደለው የተረፈው ዘለላ ጥቂት፣ በጋውም ደረቅ ስለነበረ ጥቂቱ ፍሬ እጅግ የበሰለ ሆነ ይባላል፤ ለዚህም ነው የወይን ሊቃውንት ያን ዓመት በተለየ አክብሮት የሚያነሡት። ወይኑ እስከ ጠርሙሱ ትከሻ ድረስ ጎድሏል። ቡሹ ገና ብረቱ ሲነካው ተፈረካከሰ፤ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ።

ጠባችን የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ባልንጀራዬ አባቱ በሆቴሉ ያደርጉት እንደነበረ ወይኑን በታጠበ ነጠላ አጥልሎ በብርሌ ውስጥ ለአንድ ሰዓት እናሳርፈው አለ። እኔ ደግሞ ይህ ለወጣት ወይን የሚደረግ እንጂ ለሽማግሌ የሚሆን እንዳልሆነ፣ አየር የወጣቱን ወይን አፍ የሚያኮማትር ጠባይ እንደሚያለዝበው ሁሉ የአሮጌውን ትንፋሽ እንደሚያጠፋው አስረዳሁት። አልሰማኝም። በ1985 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ የ1787 ላፊት ወይን ነው የተባለ ጠርሙስ በ105,000 ፓውንድ ተሽጦ፣ ገዥዎቹ ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ ለማሳየት በመብራት ሥር አቁመውት ሙቀቱ ቡሹን አኮማትሮት ወደ ውስጥ እንደወደቀ፣ በኋላም ጠርሙሱ ራሱ የተጭበረበረ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ እንደታማ ነገርሁት። «ይህ ከብርሌው ጋር ምን አገናኘው?» አለኝ። በእውነቱ የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ተቆጥቼ ነው። በመጨረሻም እንደ ሁለት መንግሥታት ጠርሙሱን ለሁለት ተካፈልን፤ ግማሹ በብርሌ፣ ግማሹ ወዲያው በብርጭቆ።

ሻማ አብርተን በብርጭቆው ኋላ ብንይዘው ወይኑ ሐምራዊነቱን ትቶ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል፤ ጠርዙም እንደ ሻይ ቀጥኗል። በዘመናት ብዛት ያ አፍን የሚያኮማትረው ታኒን እርስ በርሱ እየተያያዘ ከብዶ ስለሚሰጥም ከጠርሙሱ ጎን ጥቁር ዝቃጭ ተጋግሮ ነበር። አሸተትሁት። መጀመሪያ እርጥብ አፈር፣ ቀጥሎ የብራና መጽሐፍ ሲገለጥ የሚሰጠው ሽታ፣ ከዚያም ሳላስበው የልጅነቴ ቤተ ልሔም መጣብኝ፤ ዲያቆኑ ለቅዳሴው ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፎ ሲጨምቀው የሚነሣው ያ የጠራ መዓዛ። ቤተ ክርስቲያናችን ለጽዋዑ የምትፈልገው ያልቦካና ያልሰነበተ፣ በዕለቱ የተጨመቀ ሲሆን፣ ይህ ደግሞ ከሞት አፋፍ የደረሰ አዛውንት ነው፤ የሁለቱ መዓዛ መገናኘቱ ምሥጢሩ አልተገለጸልኝም። ጣዕሙ ለስላሳ፣ ጥቂት ጨው ጨው የሚል፣ ከተዋጠም በኋላ ረጅም ጊዜ ምላስ ላይ የሚቆይ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ሳይናገር የቆየው ባልንጀራዬ፣ «አባቴ ይህን ሳይቀምስ ነው የሞተው» አለ።

ሽማግሌው የመጡት በዚህ መካከል ነው። ባልንጀራዬ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «አባባ፣ ይቀመጡ» አለና ከብርጭቆው አቀረበላቸው። ቀመሱ፤ አፋቸው ውስጥ አዙረው ዋጡት፤ ዕድሜውንም ጠየቁ። በነገርናቸው ጊዜ ተደነቁ ብንል ውሸት ነው፤ አዘኑልን። «በጊዜው የሚጠጣ ሰው አልነበረም?» አሉ። የእርሳቸው የማሽላ ጠላ በተጠመቀ በጥቂት ቀን ውስጥ ጎረቤት ተጠርቶ የሚያልቅ ነው፤ ካደረ ይሞታልና። ሲያረጅ የሚከብር ነገር የላችሁም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው አለን ብለው፣ ድሙይ ስለሚባለው፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ለጥሎሽ ይሰጥ ስለነበረው ሰማያዊ ዶቃ፣ ደርግም እንደከለከለው አጫወቱኝ። ዶቃው ለዚህ ሁሉ ትውልድ ሲኖር ማንም ልጠጣው ብሎ እንዳላሰበ ጨምረው ሲናገሩ እየቀለዱብኝ መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ሰዓቱ ሞላና ወደ ብርሌው ተመለስን። ሞቷል። መዓዛው ጠፍቶ ቀጭን ውሃና የጎመዘዘ ነገር ብቻ ቀርቷል። ይህን ክርክር ይህን ያህል ያራዘምሁት ትክክል እንደነበርሁ በጽሑፍ እንዲቀር ስለፈለግሁ መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ። ባልንጀራዬ ግን በሽንፈቱ ሳያፍር ብርሌውን ጨርሶ ጠጣው።

ሦስተኛው ጠርሙስ እንዲከፈት ለመንሁ፤ ለልጄ ሠርግ ነው ብሎ እምቢ አለ። ልጁ ገና ሁለተኛ ክፍል ናት። እስከዚያ ድረስ ገንቦው ውሃ እንዳይጎድልበት፣ ጠርሙሱንም ሳይውል ሳያድር ወደ አዲስ አበባ እንዲመልሰው መከርሁት፤ አንተ ይዘኸው ሂድ ቢለኝ ያን መንገድና ያን ሹፌር አስቤ አሻፈረኝ አልሁ።

ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሡ ለማር የሚሆን ባዶ ጠርሙስ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ባልንጀራዬ የቦርዶውን ለመታሰቢያ ሊያስቀር አስቦ ኖሮ የአገር ውስጡን ፈጥኖ አቀረበላቸው። እርሳቸው ሁለቱንም አንሥተው በእጃቸው መዘኑ፤ መስተዋቱ የከበደውንና ሥሩ ወደ ውስጥ የጎደጎደውን የቦርዶውን መርጠው፣ ዝቃጩን ከዛፉ ሥር ደፍተው፣ ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት በጥፍራቸው እየላጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ።