እጅ ቢዘገይ ልብ ዘገየ አይባልም

ሰው ጧት ከመኝታው ተነሥቶ ሲያማትብ፥ እጁን ወደ ግንባሩ ለማንሣት ስንት ጡንቻ እንደሚሠራ አያስብም። የቤት እመቤትም ሊጡን በምጣዱ ላይ ከዳር ጀምራ ወደ መካከል ስታዞር፥ አሁን ክንዴን ልዘርጋ፥ አሁን ልሰብስብ ብላ አትመክርም፤ ከልጅዋ ጋር እየተጫወተች እጇ ሥራውን ይፈጽማል። ስንራመድ እግራችንን፥ ስንናገር ምላሳችንን፥ ስንስቅ ፊታችንን የሚያዘው ምን እንደ ሆነ የምንጠይቀው፥ ይህ የትእዛዝ ሥርዓት በተጓደለ ጊዜ ብቻ ነው። እኔንም ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ የእናቴ ታላቅ ወንድም የሆኑት አጎቴ የደረሰባቸው ሕመም ነው።

አጎቴ በጎንደር አካባቢ በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዜማና አቋቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። የሕመማቸው የመጀመሪያ ምልክት ለእናቴ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ ታየ። ቀድሞ ፊደላቸው ጎላ ያለና የተስተካከለ ነበር፤ በኋላ ግን ከመስመር ወደ መስመር እየደቀቀ ሄዶ፥ በገጹ መጨረሻ እንደ ጤፍ ፍሬ ሆነ። ሲሄዱም ቀኝ እጃቸው ከጎናቸው ተጣብቆ አይወዛወዝም ነበር። ቆይቶም፥ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ባሳረፉ ጊዜ፥ አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው መቁጠሪያ የሚቆጥሩ ይመስል ይንቀጠቀጡ ጀመር።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ እንደየመሰለው ተናገረ። አካሄዳቸው ስለ ተሰናከለ፥ መጠጥ ጀምረዋል ብሎ ያማቸው ነበረ። ሰላምታ ሲሰጣቸው ፊታቸው ስላልፈካ፥ መሪጌታ ኮርተዋል ያለም ነበረ። መተት ነው ያሉም አልታጡም። ከሁሉ ይልቅ የተጎዱት ግን ባለቤታቸው ናቸው። አንድ ቀን ለእናቴ፥ «እቴ፥ ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ያለ ፊት አሳይተውኝ አያውቁም፤ ምን አስቀይሜአቸው ይሆን?» ብለው አለቀሱ። አጎቴም ከማኅሌት ቀሩ። ሌሎቹ ሊቃውንት ጸናጽላቸውን ይዘው ዝም ባሉበት ሰዓት፥ የእርሳቸው ጸናጽል በእጃቸው መንቀጥቀጥ የተነሣ ያለ ጊዜው ይንሿሿ ነበርና አፈሩ። እነሆ፥ አንድ ሕመም ሐኪም ሳያየው በፊት ባልን ከሚስቱ፥ አገልጋይን ከአገልግሎቱ ለየ።

በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ አምጥተን ለነርቭ ሐኪም አሳየናቸው። ሐኪሙ ታሪካቸውን ጠየቀ፤ እጃቸውን እንዲጨብጡና እንዲዘረጉ፥ ሁለት ጣታቸውን ቶሎ ቶሎ እንዲያነካኩ፥ ተነሥተውም እንዲራመዱ አደረገ፤ ከዚያም ሕመሙ ፓርኪንሰን የተባለው መሆኑን ነገረን። ይህ ሕመም የሚታወቀው በደም ምርመራ ሳይሆን ይልቁንም በእንዲህ ያለ ጥያቄና ምልከታ ነው። ከሐኪሙ የሰማሁትን፥ ኋላም በመጻሕፍት ያገኘሁትን እንደሚከተለው ለአንባቢ አካፍላለሁ።

አንድን ነገር ለማንሣት ስንፈቅድ፥ ትእዛዙ ከአንጎል የላይኛው ሽፋን ይነሣል። ትእዛዙን የሚያወርዱት የነርቭ ክሮች ወደ አንጎል ግርጌ ሲደርሱ አብዛኞቹ ይሻገራሉ፤ ስለዚህ የአንጎል ቀኝ ወገን የሰውነትን ግራ፥ ግራው ወገንም ቀኙን ያዝዛል። ክሮቹ በሕብለ ሰረሰር ውስጥ ወርደው ወደ ጡንቻ ለሚሄዱ ሌሎች ነርቮች መልእክቱን ያስረክባሉ፤ ፈጣኖቹም ነርቮች መልእክታቸውን በአንድ ሴኮንድ ከ50 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ያደርሳሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሕብለ ሰረሰር አንጎልን ሳይጠብቅ ያዝዛል፤ የጋለ ምጣድ የነካ እጅ ሕመሙ ገና ሳይታወቀው የሚሸሸው ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ መመጠንም ያስፈልጋል። ከኋላ በኩል ያለው ንዑስ አንጎል የእንቅስቃሴን ዒላማና ሚዛን ይጠብቃል። መጠጥ የሚያውከው ይህን ክፍል ነውና፥ ሰካራም እግሩን አራርቆ ወዲያና ወዲህ ይንገዳገዳል። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ግን ጎንበስ ብሎ፥ እግሩን ሳያነሣ፥ በአጫጭር እርምጃ ይሄዳል። ልብ ብሎ ያየ ሰው ሁለቱን አያምታታም።

በአንጎል ጥልቅ ሥፍራ ደግሞ ሌሎች ክፍሎች አሉ። እነዚህ የመስኖን ውኃ እንደሚያከፋፍል በር ናቸው፤ የተፈለገውን እንቅስቃሴ ያሳልፋሉ፥ ያልተፈለገውን ይይዛሉ፥ የለመድነውንም ሥራ ያለ አሳብ እንድንፈጽመው ያደርጋሉ። ይህ በር በሚገባ ይከፈት ዘንድ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። ዶፓሚንን የሚልኩለት በመካከለኛው አንጎል የሚገኙ፥ ከቀለማቸው የተነሣ ጥቁር የሚታዩ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው። በፓርኪንሰን ሕመም እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ምልክቱ በግልጥ በሚታይበት ጊዜ ብዙዎቹ አስቀድመው ጠፍተዋል። የሚሞቱበት ምክንያት በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ ገና ተለይቶ አልታወቀም።

እንግዲህ ውኃው በቦዩ ውስጥ ሞልቶ ሳለ በሩ ጠብቦ ጥቂት ብቻ ያሳልፋል። ፈቃዱ አለ፥ ጡንቻውም አልሰለለም፤ የተሰናከለው መተላለፊያው ነው። ፊደል የሚደቅቀው፥ ድምፅ የሚያንሰው፥ ክንድ የማይወዛወዘው ከዚህ የተነሣ ነው። ፈገግታም ቢሆን የጡንቻ እንቅስቃሴ ነውና እንደ ሌላው ሁሉ ይዘገያል፤ ፊት ከውስጥ ያለውን ደስታ ሳያወጣው ይቀራል። ሐኪሙ ይህን ባስረዳ ጊዜ የአጎቴ ባለቤት ብዙ ዝም አሉና፥ «እንግዲያው የተቆጣው ፊታቸው ነው እንጂ እርሳቸው አይደሉም» አሉ። በዚያች ሰዓት የሁለት ዓመት ኀዘን ከላያቸው ሲወርድ አየሁ።

ሕመሙ የተጠራው በለንደኑ ሐኪም በጄምስ ፓርኪንሰን ስም ነው። እርሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ስለ ስድስት ሰዎች ጻፈ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹን ያያቸው በመንገድ ሲያልፉ ነው። ኋላ በፓሪስ ዣን ማርተን ሻርኮ የተባለው ሐኪም ሕመሙ በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ፤ ሕመምተኛ ሁሉ እንደማይንቀጠቀጥም አስተዋለ። የዶፓሚን ነገር የተገለጠው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በ1957 የስዊድኑ ሊቅ አርቪድ ካርልሰን በመድኃኒት ደንዝዘው እንቅስቃሴ ያጡ እንስሳትን ሌቮዶፓ በተባለ ንጥረ ነገር መልሶ አነቃቸው፤ በ2000 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ። በ1960 በቪየና ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በዚህ ሕመም ሳሉ የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚን እንደ ጎደለው አስታወቀ። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ በአሜሪካ፥ በአፍ የሚወሰደውን መድኃኒት መጠን ቀስ በቀስ እያሳደገ ሕሙማንን ብዙ እንደሚረዳ አሳየ።

ዶፓሚን ራሱ ቢዋጥ ከደም ወደ አንጎል አይሻገርም፤ ሌቮዶፓ ግን ተሻግሮ በዚያ ወደ ዶፓሚን ይለወጣል። አንባቢን የሚያስደንቀው፥ ሌቮዶፓ በ1913 የተለየው በየቤታችን ከምናውቀው ከባቄላ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን ወጥነት የለውምና ማንም እሸት ባቄላን በመድኃኒት ፈንታ አይቁጠረው። መድኃኒቱም ቢሆን የጎደለውን ይሞላል እንጂ የሚሞቱትን ሕዋሳት አያድንም፤ ከዓመታት በኋላም ኀይሉ ከሰዓቱ ቀድሞ ሊያልቅ፥ ያልታዘዘ እንቅስቃሴም ሊያስከትል ይችላል። አጎቴ መድኃኒቱን ከጀመሩ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዝራራቸውን ራሳቸው ቆለፉ፤ ለእኛ ግን ይህ ታላቅ ነገር ነበረ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ በቤታችን ያየሁት ነው። አጎቴ ከሳሎን ወደ ደጅ ለመውጣት መድረኩ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ከወለሉ ጋር የተሰፋ ያህል ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። እኛ «አይዞዎት፥ ይራመዱ» ባልን ቁጥር ይብስባቸዋል። አንድ ቀን ዲያቆን ልጃቸው መቋሚያውን አንሥቶ እንደ ዝማሜ አመታት ወለሉን በቀስታ ይመታ ጀመር። በሦስተኛው ምት አጎቴ እግራቸውን አነሡ፤ መድረኩንም ተሻግረው እስከ ግቢው በር ድረስ በምቱ ልክ ሄዱ። ሐኪሙ ይህን ሲሰማ አልተደነቀም። የጠበበው በር ያለ አሳብ ለሚሠራው ልማድ ነው፤ ሰው አሳቡን በእርምጃው ላይ ሲያደርግ፥ ወይም ከውጭ ምት ሲሰማ፥ ወይም በመሬት ላይ የተሰመረ መስመር ሲያይ፥ አንጎል በሌላ መንገድ ማዘዝ ይችላል አለን። በሜዳ ላይ መራመድ የቸገረው ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ ደረጃ በቀላሉ የሚወጣውም ስለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በመድረኩ ፊት ነጭ መስመሮችን አሰመርን፤ አጎቴም ብቻቸውን ሲሆኑ ዜማቸውን በልባቸው እየቈጠሩ ይሻገራሉ።

አሁን ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ማኅሌት የሚቆሙበት ቀን አለ፥ የማይችሉበትም ቀን አለ። ጸናጽሉን ለደቀ መዛሙርቱ ሰጥተው፥ ተቀምጠው ዜማ ያርማሉ። ሕመሙ እንደሚቀጥል ያውቃሉ፤ ነገር ግን የሚያፍሩበት አልሆነም።

ስለዚህ በየቤታችን ያለን ሰዎች፥ አረጋዊ ወላጃችን ፊቱ ሲጠቁር፥ ድምፁ ሲያንስ፥ ጽሕፈቱ ሲደቅቅ፥ አንድ እጁ ሲንቀጠቀጥ ብናይ፥ እርጅና ነው ወይም ጠባይ ነው ብለን አንለፍ፤ ለሐኪም እናሳይ። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በአንድ ገበታ መብላትን የሚያስፈራ ነገር የለውም። መድኃኒቱ ከታዘዘም ሰዓቱ ይጠበቅ፤ ሥጋም ሆነ ሽሮ ያለበት ምግብ ኀይሉን ሊቀንሰው ስለሚችል፥ ከምግብ በፊት በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ሐኪሙ ይጠየቅ። የጾም ሰዓትም ለሐኪሙና ለንስሐ አባት አስቀድሞ ይነገር። ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ በድንገት ማቆሙ ብርቱ አደጋ አለውና። ሕመምተኛውም በሚችለው መጠን ይራመድ፥ ይሥራ እንጂ ታቅፎ አይቀመጥ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንስጠው። ሸሚዙን ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበት፥ እጁን ገፍተን አንቆልፍለት፤ ጥያቄ ጠይቀነው መልሱ ቢዘገይ፥ ሌላው ሰው አይመልስለት። የፊቱን ዝምታ አይተን ፍቅሩን አንጠርጥር፤ ደስ ብሎት እንደ ሆነ ከፊቱ እንዳናነብ ሕመሙ ከልክሎናልና፥ በቃል እንጠይቀው፤ እስኪመልስም እንጠብቀው።