ስለ በዓል ፎቶግራፍና ስለ ቤት እንስሳት

በገና ዕለት ቤት ይጠረጋል፤ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፤ ዕጣን ይጤሳል፤ ዘመድም ከሩቅም ከቅርብም ይሰበሰባል። ቤተ ሰቡም ይህን ደስታ ለማስታወስ በአንድነት ፎቶግራፍ መነሣት ይወዳል። ልጆችም «ውሻችንና ድመታችን ከእኛ ጋራ ይነሡ» ብለው ይለምናሉ። ልመናቸው መልካም ነው፤ ዓመቱን ሁሉ ሌሊት ደጅ የጠበቀ ውሻና እህሉን ከአይጥ ያዳነች ድመት በደስታ ቀን ሊረሱ አይገባምና። ነገር ግን ሰው ሲጨነቅ «ተዉኝ» ይላል፤ እንስሳ ይህን ለማለት አፍ የለውም። ስለዚህ የሚወደው ሰው በዓይኑ ሊሰማው ይገባል።

ውሻ በፈራ ጊዜ ጭራውን በእግሮቹ መካከል ይሸጉጣል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ያስተኛል፤ ፊቱን ያዞራል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ምግብ ሳያይ ከንፈሩን ይልሳል። ድመትም በተቈጣች ጊዜ ጆሮዋን ታስተኛለች፤ ጭራዋንም ወዲያና ወዲህ ትወረውራለች። ይህ ሁሉ የእንስሳ ንግግር ነው። ይህን ንግግር የማያውቅ ልጅ ውሻውን አንገቱን አጥብቆ ሲያቅፈው ፍቅር የሰጠው ይመስለዋል፤ ውሻው ግን የታሰረ ይመስለዋል። የሚያመልጥበትም መንገድ ሲያጣ ይነክሳል። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ «ክፉ ውሻ» ይለዋል፤ እርሱ ግን አስቀድሞ ደጋግሞ ተናግሮ ነበር፤ የሰማው አልነበረም እንጂ። ንክሻም ቀላል ነገር አይደለም። ያልተከተበ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላልና፥ የተነከሰ ሰው ቍስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ አለበት።

ፎቶግራፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ለሕዝብ በተገለጠ ጊዜ፥ አንድ ሥዕል ለማንሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን፥ ሰው እንዳይነቃነቅ ራሱን ከኋላ በብረት ያስደግፉት ነበር። የተነቃነቀ ውሻ ግን በሥዕሉ ላይ እንደ ጭስ ደብዝዞ ይቀር ነበር። ዛሬ በብርሃን ቦታ የእጅ ስልክ እንኳ ከሰከንድ መቶኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ያነሣል። እንግዲህ እንስሳን በግድ አጥብቆ መያዝ ምን ይጠቅማል?

ብልህ ቤተ ሰብ እንግዶች ሳይበዙ በጧት ይነሣል። አስቀድሞ ውሻውን ያንሸራሽረዋል፤ የደከመ ውሻ በጸጥታ ይቀመጣልና። ከዚያም በሚያውቀውና በሚወደው ሰው አጠገብ፥ ከሻማና ከከሰል ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። የሚነሡትም በመስኮት ወይም በደጅ ብርሃን ነው። የመሣሪያው ድንገተኛ ብልጭታ እንስሳን ያስደነግጣልና፤ ደግሞም በውሻና በድመት ዓይን ውስጥ ብርሃንን የሚመልስ ሽፋን ስላለ ዓይናቸው በሥዕሉ ላይ እንደ ፍም ያበራል። የሚያነሣውም ሰው ከላይ ቆሞ አያስፈራራም፤ ዝቅ ብሎ በእንስሳው ቁመት ልክ ይቀመጣል። በድመት አንገት ላይ የጌጥ ክር አያስሩም፤ ብትውጠው አንጀቷን ሊቈርጥ ይችላልና። ሁለት ሦስት ጊዜ ካነሡም በኋላ ይለቋቸዋል፤ መውጫውም በር ክፍት ይሁን።

ለዋጋቸው ጥቂት ጨው የሌለው ቅቅል ሥጋ ይበቃል። ዶሮ ወጥ ግን አይሰጣቸውም፤ ሽንኩርት የውሻንና የድመትን ደም ያበላሻል፤ የተቀቀለም የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ሆድን ይወጋል።

ውሻው አልቀመጥም ብሎ ቢሄድ ይተዉት፤ በሚወደው በደጁ ጥላ ተኝቶ ሳለ ብቻውን ያንሡት። ሥዕል ለብዙ ዘመን ይኖራል፤ የተጨነቀ ዓይንም በውስጡ አብሮ ይኖራል። እግዚአብሔር ሰውን በእንስሳት ላይ ያሠለጠነው ሊጠብቃቸው ነው እንጂ ሊያስጨንቃቸው አይደለም። ውሻው ፊቱን ባዞረ ጊዜ እጁን መሰብሰብ የተማረ ልጅ፥ ታናሽ ወንድሙ ዝም ባለ ጊዜም መከራውን ያስተውላል።