ጀልባዋ ላይ የተነጋገርነው

ዓርብ ዓርብ ፋሃሂል ባሕር ዳር የምትወጡ እህቶች ታውቁታላችሁ። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሙቀቱ ገና ሳይጀምር፣ እዚህ «ረቢዕ» በሚሉት ወቅት፣ ኮርኒሹ በሰው ይሞላል። ድንጋዩ ላይ ቆመው መንጠቆ የሚጥሉ አሉ፤ በትንንሽ ጀልባ ራቅ ብለው የሚያጠምዱም አሉ። ከነሱ ኋላ ከሚና አል አሕመዲ ነዳጅ የሚጭኑት ትልልቅ መርከቦች ይታያሉ። እኔ የምሠራበት ቤት ላይ አሕመዲ ነው። ዛፍ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ባሕሩ ግን ከቤታችን አይታይም። ስለዚህ ዕረፍት ሳገኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ውሃው ነው። ጓደኞቼ «አንቺ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ማየት ምን ያደርግልሻል?» እያሉ ይስቁብኛል። ጣና ዳር ስላደግሁ ነው እላቸዋለሁ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ሙሉውን ዛሬ ልጻፈው።

ኩዌት የገባሁት በ2005 ዓ.ም. ነው። ዓመት ሳይሞላኝ መንግሥታችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር መሄድን አገደ። ከወጣሁ አልመለስም ብዬ ፈራሁና ዕረፍቴን እየተውኩ ቆየሁ። እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እናቴን ያየሁት ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም. መጋቢት ነበር።

አገሬ ጎርጎራ ነው፤ ከጎንደር በአዘዞና በቆላድባ አድርጎ የሚኬድበት፣ ጣና ሰሜን ዳር ያለው። ታናሽ ወንድሜ ዓሣ አጥማጅ ነው። ለጀልባ፣ ለሞተርና ለመረብ ብዬ ከሰባት ወር ደመወዜ ቆርጬ ልኬለታለሁ። በስልክ «ጀልባሽ እያበላችን ነው» ይለኝ ነበር። እኔም ሰሐን ሳጥብ፣ ምንጣፍ ስጠርግ፣ በሐሳቤ ያቺን ጀልባ አያት ነበር።

በገባሁ በሦስተኛው ቀን «ነገ ይዘኸኝ ሂድ» አልኩት። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛም ቤት አለ፤ እናቴ አትነካውም። ገበያው ግን የሚደምቀው በሁዳዴ ነው። መረቡን ማታ ጥሎት አድሯል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሣን። እናቴ ዳቦ ቋጠረችልን። ከደብረ ሲና ማርያም በኩል የካህናቱ ድምፅ እየተሰማ ወደ ውሃው ወረድን።

ጀልባዋን ሳያት ዝም አልኩ። ትንሽ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ለመረቡ እንኳ ቦታ አይተርፍም። ሞተር የለም። ወንድሜ መቅዘፊያውን አንሥቶ መቅዘፍ ጀመረ። ጠዋት ላይ ጣና እንደ መስታወት ነው፤ ነፋሱ የሚነሣው ከሰዓት በኋላ ነው። ከመቅዘፊያው በቀር ድምፅ የለም።

«ሞተሩስ?» አልኩት።

«እሱን እንኳ ተይው፣ እታለም።»

«አልተውም። የት ነው?»

ለጥቂት ጊዜ ቀዘፈ። «ሸጥኩት» አለ። «ዓመት ከስድስት ወር ሆነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቦጭ የሚባለው አረም ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። አበባው ያምራል፣ ሥራው ክፉ ነው። በእኛ በደምቢያ በኩል ዳሩን ሸፍኖት ነበር። ሰዉ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል፤ ተመልሶ ይበቅላል። የሞተሩ ማሽከርከሪያ ላይ እየተጠመጠመ አበላሸው። አሠራው፣ ደግሞ ተበላሸ። የቤንዚኑ ዋጋ ሲጨመርበት በቃ፣ ሸጦ በብሩ እናቴን አሳከመበት፤ መታመሟንም አልነገሩኝም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፎቶሽን ሳይ፣ እዚያ እንደዚያ ተመችቶሽ ሳይ፣ ምን ብዬ ላሳዝንሽ?»

መረቡ ጋ ደርሰን ነበር። እሱ እየሳበ፣ እኔ እየተቀበልኩ፣ ግማሹ እንቦጭ ነው። እሱን እየነቀልን ወደ ጀልባዋ ወለል እንጥላለን፤ ውሃው መልሰን ብንጥለው ሌላ ቦታ ይበቅላልና። ከሁለቱ መረቦች ሰባት ቆሮሶ፣ ሦስት አምባዛና አንድ ነጭ ዓሣ አወጣን። ለሌሊት ሙሉ ያ ነው። እኔ በሐሳቤ የሞላች ጀልባ ነበር የማየው።

ያኔ ነው እኔም የተነፈስኩት። «ፎቶውን የት እንደተነሣሁት ታውቃለህ?» አልኩት። «ያ ሶፋ የኔ አይደለም፤ የምጠርገው ነው። ማዳም ስትወጣ ነው የተነሣሁት። የመጀመሪያው ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፍኩም። የሦስት ወር ደመወዜን ይዘውብኝ ነበር። ፓስፖርቴን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን ያለሁበት ቤት ደህና ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን የላክሁልህ ሁሉ እንዴት እንደተገኘ አንድም ቀን አልነገርኩህም።»

መቅዘፊያውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አመጣ። «እንግዲያው ልንገርሽ» አለ። «ጀልባዋን ልሸጣት ነው። ጎንደር አንድ ደላላ አለ። ለትንሿ 40 ሺህ ብር ክፈሉ፣ በሁለት ሳምንት ኩዌት ትገባለች ብሎናል። እሷም እንደ እታለም ልሁን እያለች ነው።»

ትንሿ እህታችን ያኔ 19 ዓመቷ ነው። «እንደ እታለም» ያለችው እንግዲህ እንደ ፎቶዬ ነው።

ቆጣ ብዬ «አይሆንም!» ለማለት አፌ ደርሶ ነበር። ግን እኔ ሄጄ እሷን አትሂጂ ብላት ማን ይሰማኛል? ስለዚህ የማውቀውን አንድ በአንድ ነገርኩት። በአገራችን አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትኬቱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው፤ ልጅቱ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና የብቃት ማረጋገጫ ያለውን ነው። ያኔ በነበረው ደንብ ስምንተኛ ክፍል መጨረስ ነበረባት፤ መሠልጠንም አለባት። በሁለት ሳምንት የሚባል ነገር ካለ በሌላ በር ነው ማለት ነው። ኩዌትም በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የቤት ሠራተኞች ሕግ አላት፤ ቁጥሩ 68 ነው። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ ሥራው በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ፣ ፓስፖርትም ያለ ፈቃዷ እንዳይያዝ ይላል። ዝቅተኛው ደመወዝ 60 ዲናር ነው።

«ይኼ ሁሉ ሕግ ካለ ታዲያ ምን አስፈራሽ?» አለኝ።

«በሩ ሲዘጋ ሕጉ ውጭ ይቀራል» አልኩት። «ስልክ ካላት፣ ትንሽ ዓረብኛ ከቻለች፣ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ካለ ነው አብሯት የሚገባው። በደላላ መንገድ ከሄደች ግን ገና ከመነሻው ሕጉ አብሯት የለም።»

እሱ ውሃውን እያየ ሰማኝ። ከዚያ ያቺን አንዷን ነጭ ዓሣ አነሣት። «ይኼ ዘር ለምን እንዳለቀ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ትወጣለች። አንዳንዱ ሰው የወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቃታል። ከነእንቁላሏ ነው የሚይዛት። ያ ደላላም ልክ እንደዚያ ነው፤ መውጫው ላይ ነው የተቀመጠው።»

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ተመለስን። ቆሮሶዎቹን ዳር ላይ ለጎንደር ነጋዴ ሸጥናቸው። ብሩን ስቆጥረው ለአንድ ቀን ቤንዚን እንኳ አይበቃም ነበር። ያኔ ነው ሞተሩን በመሸጡ ይቅር ያልኩት። ማታ እህቴን አስቀምጬ ለሱ የነገርኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ለእናቴ የማይነገረውንም ጭምር። አለቀሰች። ከዚያ ተናደደችብኝ። «ለምን እስካሁን ዝም አልሽ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጀልባዋ አልተሸጠችም። እኔም ወር ሲሞላ ወደ አሕመዲ ተመለስኩ፤ ሥራዬ ነውና። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ስልክ ለምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ወንድሜም የጠፋውን ጠፋ ይለኛል። መረቡ ሲቀደድ የተቀደደውን መረብ ፎቶ ይልክልኛል። እህቴ ጎንደር ልብስ ስፌት ተምራ እዚያው ትሠራለች። መሄዱን ግን አልረሳችውም፤ በየጊዜው ትጠይቀኛለች። እኔም ያለውን እነግራታለሁ፤ ደህናውንም ክፉውንም። አንድ ቀን «ወስኛለሁ» ካለችኝ በትክክለኛው በር እንድትመጣ እረዳታለሁ፤ ስልኬንም በቃሏ አጥንታ ነው የምትሳፈረው።

እንግዲህ ኮርኒሹ ላይ ቆሜ እነዚያን ትንንሽ ጀልባዎች የማየው ለዚህ ነው። እህቶቼ፣ ፎቶ መላክ ክፉ ነው አልልም፤ እናቶቻችን ፊታችንን ማየት ይፈልጋሉ። ብቻ ከፎቶው ጋር አንድ እውነተኛ ነገር ጨምሩበት። ቤት ያሉትም የራሳቸውን እንዲነግሯችሁ መንገድ ይከፍትላቸዋል።