የውኃው መዝገብ

በአገራችን ውኃ ለምኖ የሚከለከል ሰው የለም። መንገደኛ ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «ውኃ አጠጡኝ» ቢል፤ ባለቤቱ ድኻ እንኳ ቢሆን በጣሳ ቀድቶ ያቀርብለታል። ውኃ ብቻ መስጠት የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ እኛ በትግራይ ሱዋ የምንለውን ጠላ ይጨምርበታል። እኔ ይህን ልማድ በእናቴ ቤት ተምሬ ያደግሁ ሰው፤ እነሆ ሁለት ዓመት ሙሉ የገዛ ባለቤቴን ውኃ ስከለክል ኖርሁ። የከለከልኋት ጠልቻት ሳይሆን ስለምወዳት ነው። ነገር ግን ከፍቅር የተነሣ የሚደረግ ክልከላ ሳይታወቅ ወደ ጥርጣሬ ሊለወጥ እንደሚችል አንድ ማክሰኞ አስተምሮኛልና፤ ታሪኩን ለአንባቢዎች ለማካፈል ፈቀድሁ።

የምንኖረው በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ ነው። በመንግሥት ሥራ ተልኬ ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ሁለት ዓመት እንደ ተቀመጥን የባለቤቴ ኵላሊቶች ሥራቸውን አቆሙ፤ ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል እየሄደች ደምዋ በማሽን ይታጠባል። ሕዝብ የኵላሊት እጥበት፤ ሐኪሞች ዲያሊሲስ የሚሉት ይህ ነው። በክንድዋ ላይ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር አጋጥመው ሰፍተውታል፤ እጅ ቢያኖሩበት እንደ ንብ ቀፎ ሲርገበገብ ይሰማል። ደሙ በአንድ መርፌ ወጥቶ በማጣሪያው ካለፈ በኋላ በሌላው መርፌ ይመለሳል፤ ይህም አራት ሰዓት ይፈጃል። ኵላሊት የመለወጥ ሕክምና በአገራችንም በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. ተጀምሮአል፤ ለባለቤቴ የሚስማማ ሰጪ እስኪገኝ ድረስ ግን ሕይወትዋ በዚያ ማሽን ላይ ነው።

ኵላሊት ካልሠራ የተጠጣው ውኃ መውጫ የለውም፤ በሰውነት ይጠራቀማል፤ ሳንባንና ልብንም ያስጨንቃል። ስለዚህ ሐኪሙ በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ እንዳትጠጣ አዘዘ። እኔም የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አንድ ደብተር ገዝቼ ዓምድ አሰመርሁበት፤ ለሻይ 100 ሚሊ ሊትር፤ ለመድኃኒት መዋጫ 50 እያልሁ በየቀኑ እጽፍ ጀመር። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህሮቻችን ዘወትር ማታ የገዛ ራሳችንን በደል በልባችን እንድንቈጥር ያስተምሩን ነበረ። እኔ ግን የሌላውን መቍጠር ለመድሁ።

በዚያ ማክሰኞ ሌሊት፤ ወሩ ሚያዝያ ስለ ሆነ ዝናሙ በጣም ይጥል ነበረ። በ9 ሰዓት ገደማ የብርጭቆ ድምፅ ቀስቅሶኝ ወደ ማድ ቤት ብሄድ ባለቤቴ ቆማ አገኘኋት።

«አፌን ተጕመጠመጥሁ እንጂ አልዋጥሁም» አለችኝ።

ብርጭቆውን ከእጅዋ ተቀብዬ ወደ መብራቱ አነሣሁና መረመርሁት። እርስዋም ስመረምር ዝም ብላ አየችኝ።

ሲነጋጋ ተነሥተን ሄድን። የንጎንግ መንገድ ግን ጎርፍ ይዞት ነበርና፤ ማታቱ በሚባሉት የሕዝብ መኪናዎች መካከል ተጣብቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ውኃው በመንገዱ ግራና ቀኝ እንደ ወንዝ ሲወርድ፤ ባለቤቴ ከንፈርዋ ደርቆ በመስተዋቱ ትመለከተው ነበረ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

ሆስፒታል ደርሰን ሚዛን ላይ ስትወጣ 61 ኪሎ ከ800 ግራም ሆነች። ውኃ ሳይጠራቀምባት ሊኖራት የሚገባው ክብደት 58 ኪሎ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ደብተሬ ደግሞ ከዓርብ ወዲህ ባሉት አራት ቀኖች 2 ሊትር ብቻ እንደ ጠጣች ይመሰክራል። ጕድለት ያገኘ መርማሪ እንደሚቈጣ ተቈጣሁ።

«የቀረው 1 ኪሎ ከ800 ከየት መጣ? ደብቀሽ ጠጥተሻል!» አልኋት።

ቋንቋችንን የማያውቁት በሽተኞች እንኳ ከድምፄ ነገሩ ገባቸው። ባለቤቴ አልተከራከረችኝም፤ አልጋው ላይ ወጥታ ክንድዋን ለመርፌው ዘርግታ ፊትዋን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ማሽኑ ሥራውን ሲጀምር እኔ አጠገብዋ ተቀመጥሁ። ይህን ዓይነት መሣሪያ በመጀመሪያ የሠራው ዊለም ኮልፍ የተባለ የሆላንድ ሐኪም ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛ ሳለች፤ ለቋሊማ መሸፈኛ የሚሆነውን ሴሎፋን በእንጨት በርሜል ላይ ጠምጥሞ ሙከራውን ጀመረ። በመጀመሪያ ከታከሙለት በሽተኞች የሚበዙት ሞቱ፤ በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ዳነች። ሰውየው ያ ሁሉ ሞት ሳይበግረው መታገሡን ሳስብ፤ እኔ ስለ አንድ ብርጭቆ ትዕግሥት ማጣቴ ያን ጊዜ አልታየኝም ነበረ።

በሦስተኛው ሰዓት እግርዋን ቍርጥማት ያዛት፤ ጮኸች። የደም ግፊትዋ ወረደ፤ ፊትዋም አመድ መሰለ። ነርሷ ሮጠው መጥተው ማሽኑ ውኃ መሳቡን እንዲያቆም አደረጉ፤ እግርዋን ከፍ አድርገው የጨው ውኃ በደም መልስዋ ሰጡአት። እኔም ባቷን ይዤ ሳሽ ነርሷ «ፖሌ ሳና» አሉን። ይህ ስዋሂሊ ነው፤ እኛ «አይዞአችሁ» እንደምንለው ያለ ቃል ነው። ባለቤቴ ስትረጋጋ «የቀረው ውኃ ዛሬ አይወጣም፤ ልብዋን ይጎዳልና ነገ ተመለሱ» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዘወር ብለው ጠየቁኝ።

«የምትበላውን የሚያበስል ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልሁ በኵራት፤ «ሽሮ ነው የምሠራላት።»

«በምን ይበስላል?»

«በውኃ» ብዬ መልሼ ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። ለካ ደብተሬ ብርጭቆውን እንጂ ድስቱን አይቈጥርም ነበረ!

«ጨውስ አለበት?» አሉኝ። ሽሮውን ከአዲግራት የላከችልን እናቴ ናትና ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ ስልክ ደወልሁላት። እናቴም ሳቀችና «ልጄ፤ ጨው የሌለበት ሽሮ ለማን ይላካል?» አለች። ከተቀመመው ጨው ላይ እኔ ደግሞ ድስቱ ሲንተከተክ ሌላ እጨምርበት ነበረ። ነርሷ እንደ ነገሩኝ የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛ ሰው እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲበላ ይመክራል፤ ይኸውም አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ጨው ያስጠማል፤ የተጠጣውንም ውኃ በሰውነት ይይዛል። እንግዲህ በጧትና በማታ ያስጠማኋት እኔ፤ በመጠማትዋም የፈረድሁባት እኔው ነበርሁ።

ማታ ቤታችን ገብተን ሁሉን ነገርኋት፤ በሰው ፊት ስላሳፈርኋትም ይቅርታ ለመንኋት። ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም በትግርኛ «ማይ ሃበኒ» አለችኝ፤ ውኃ ስጠኝ ማለትዋ ነው። የቀኑ ድርሻዋ አላለቀም ነበርና በትንሽዋ ሲኒ በረዶ አቀረብሁላት። በረዶውን በአፍዋ እያሟሟች «እንግዲህ ለጨውም ዓምድ ክፈትለት፤ ለአብሳዩም እንዲሁ» አለችና ተኛች።

ደብተሩን አልጣልሁትም፤ መቍጠሩ ለጤንነትዋ ያስፈልጋልና። አሁን ግን የምጽፍበት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የጠጣችውን እርስዋ፤ ድስቱንና ጨውን እኔ እንጽፋለን። እናቴም የሚቀጥለውን ሽሮ ያለ ጨው አዘጋጅታ ልካለች፤ ጣዕሙን በነጭ ሽንኵርትና በኮረሪማ እናበጀዋለን።

በቤታችሁ በሽተኛ የምታስታምሙ ወገኖቼ ሆይ! የሐኪሙን ትእዛዝ ጠብቁ። ነገር ግን ሒሳቡ ባልገጠመ ጊዜ አስቀድማችሁ የገዛ እጃችሁን ሥራ መርምሩ፤ በሽተኛውን የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ይሁን።